ወደ ሾፌሩ ያዘነበለችው ፒክአፕ

በነሐሴ ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዓለሚቱ ከሆሳዕና ገበያ ስትመለስ ጉሙ መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶት ነበር። ከፊቷ የሚሄዱ ሰዎች ትንሽ እንደራቁ አካላቸው ይጠፋና ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ድምፃቸውም ሲቋረጥ፣ ልማዷ ነውና፣ “ምን አገኛቸው?” ብላ ቆም ትላለች። ሌላው ሰው ጉም ሲያይ የሚታየው ብርድ ነው፤ ለዓለሚቱ ግን ጉም ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ነገር አለ።

ወደ ሰፈሯ የሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ከበላይዋ መኪና መጣ። መጣ ይባል እንጂ የሞተር ድምፅ አልነበረውም፤ መብራትም አላበራም። አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ጎማው ጭቃውን ሲልስ ብቻ እየተሰማ፣ ከነጩ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ዓለሚቱ ዘንቢሏን አቅፋ ከአጥሩ ጋር ተጣበቀች። መኪናዋ የራሷ ቤት ፒክአፕ መሆኗን ያወቀችው በአጠገቧ ስታልፍ ነው። መሪውን የያዘው ልጇ ሆሴዕ ነበር። ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል፣ እንደማያውቃት ሰው አለፋት።

“ሆሴዕ!” ብላ ጮኸች። ጉሙ መኪናዋንም ጩኸቷንም ዋጠ።

“አክስቴ! ምነው ከአጥር ጋር ተጣበቅሽ?” የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ዘወር ስትል አንዲት ልጅ ከባጃጅ እየወረደች ነው። የእህቷ ልጅ ሮዳስ ነበረች። ሮዳስ ዱራሜ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ መምህርት ናት፤ ኮሌጁ ለክረምት ሲዘጋ አክስቷን ልትጠይቅ ሳትነግራት ነበር የመጣችው።

“ያየሁትን አየሽ?” አለች ዓለሚቱ ሰላምታውን እንኳ ረስታ።

“አየሁ እንጂ። ሆሴዕ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን በፍሪ ይለቃል። ሞተር ሲጠፋ መሪውም ፍሬኑም እንደሚከብድ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ዛሬ ጆሮውን ነው የምይዘው።”

“እኔ ስለ መኪናዋ ነው የምልሽ። አፍንጫዋን አየሽው?”

“አፍንጫዋ ምን ሆነ?”

“ትደፋለች። ሬሳ አድርሳ በተመለሰች ቁጥር ትደፋለች።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክአፗን የገዛው ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የዓለሚቱ ትልቁ ልጅ አክሊሉ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ሆሴዕ ከቦኖሻ ስንዴ እያመላለሰ ቤቱን እንዲደጉም። በሰፈሩ ሌላ የጭነት መኪና ስላልነበረ ሰው በሞተ ጊዜ ሬሳ የምታደርሰውም እሷ ሆነች። የሬሳው ሣጥን ከኋላ በጭነት ቦታዋ፣ በካሶኒው ላይ፣ ይጫናል፤ ለቀስተኛውም በሣጥኑ ዙሪያ ተጨናንቆ ይቆማል። በዚያ ክረምት ሞት በዛ። ከቀብር መልስ ፒክአፗ ግቢ ውስጥ ባዶዋን ስትቆም፣ ከኋላ ከፍ ከፊት ዝቅ ብላ፣ መሬት ላይ የወደቀባትን ነገር የምትፈልግ ትመስላለች። የሰፈሩ ሰው “ሌላ ጉድጓድ እያየች ነው” ይል ጀመር።

ዓለሚቱ ከዚህ የባሰ አይታለች። መኪናዋ መድፋት ብቻ ሳይሆን በአንድ ጎን ዘመም ትላለች፤ በግራ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ሆሴዕ በሚቀመጥበት። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስጋቷን አፏን ከፍታ ባወጣች ቁጥር “አታሟርቺ!” ተብላለች። ክፉ ነገር ስሙን ሲጠሩት ይመጣል ብላ ስለምታምን፣ ያየችውን በሆዷ ይዛ ሌሊት ሌሊት ትጸልይ ነበር። ለሮዳስም አልነገረቻትም።

ግቢ ሲደርሱ ጋሽ ታዴዎስ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። የዓለሚቱ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ የእድሩ ዳኛ፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። ጎረቤት ወዳለው ለቅሶ ቤት የመጡ ጥቂት ሴቶችም ዝናቡን ሽሽት እዚያው ተጠግተዋል። ሟቹ የሺንሺቾ ተወላጅ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ የሚያደርሰውም ሆሴዕ ነው።

“እንኳን ደህና መጣሽ፣ መምህርት” አሉ ጋሽ ታዴዎስ ሮዳስን ትከሻዋን እየሳሙ። “በጥሩ ሰዓት ደረስሽ። አሁን መኪናዋን ወደ ጋራዥ ልንልካት ነው። አፍንጫዋ ሳይነሳ ነገ ሬሳ አትጭንም።”

“በምን ሊያነሱት ነው ጋሼ?”

“ስፔሰር የሚሉት ነገር አለ። ወፍራም ብረት ነው፤ ከፊት ሞላው አናት ላይ ያስገቡታል፣ አፍንጫዋ ከኋላዋ እኩል ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ሰዓትም አይፈጅም። ያለቀ ነገር ነው።”

ሆሴዕ ከሞተሩ ክዳን ላይ ውሃ እየጠረገ፣ “እኔ ደግሞ ሙሉ ሊፍት ይደረግላት ነው የምለው” አለ። “ከፊትም ከኋላም ረጅም ሞላ፣ ትልልቅ ጎማ! የቦኖሻ ጭቃ ሆዷን አይነካትም። ስታልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያያት።”

“ገልብጠሃት ስትተኛም ዞሮ ያያታል” አለች ሮዳስ። “ና እስቲ፣ መጀመሪያ ጆሮህን ስጠኝ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ዓለሚቱ ግን አልሳቀችም፤ “ገልብጠሃት” የሚለው ቃል ደረቷ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

“ጋሼ፣ አይቆጡኝና ልጠይቅዎት” አለች ሮዳስ በትሕትና። “መኪናዋ ስለደፋች ነው ሰው የሚሞተው?”

“እኔ ጌታን የማምን ሰው ነኝ። ጥንቆላ አላውቅም” አሉ ጋሽ ታዴዎስ ቆጣ ብለው። “ግን ዓይኔን ደግሞ አልክድም። አንዱን ቀብረን ስንመለስ ትደፋለች፤ ብዙ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። ይህን ምን ትይዋለሽ?”

“ክረምትና ወባ እለዋለሁ። መኪናዋ ሳትገዛ በፊትስ እዚህ ሰፈር ሰው አይሞትም ነበር?”

“ይሞት ነበር። በትከሻ ነበር የምንሸከመው። ትከሻ ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ አይደፋብሽም።”

“ይበሏት ጋሼ!” አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ሶስና የምትባል የቅርብ ጎረቤት።

ሮዳስም አብራ ሳቀች። ማስተማር የምታውቅ ልጅ ስለሆነች ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ብዙ የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት፤ ታላቅን ሰው በሰው ፊት ረትተው ዝም ካሰኙት በኋላ ያሳመኑት ይመስላቸዋል።

“እንግዲህ የማውቀውን ልንገርዎት” አለች። “ፒክአፕ ከፋብሪካ ስትወጣም ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ ብላ ነው። የተሠራችው ለጭነት ነዋ። ካሶኒው ሲጫን ኋላዋ ይወርዳል፣ ያኔ ትስተካከላለች። ባዶዋን ስትሆን መድፋቷ ጭነቷን ስለምትጠብቅ ነው። ከቀብር መልስ ሁልጊዜ ደፍታ የምታዩዋትም ለዚህ ነው፤ ሣጥኑም ሰዉም ወርዶላታል።”

“ስፔሰሩስ ምን ይጎዳል?”

“ከተማ ውስጥ ባዶዋን ለምትዞር መኪና ብዙም አይጎዳ ይሆናል። የእናንተ ግን ሁልጊዜ የምትጫን ናት። ፊቷን በብረት አንስታችሁ ኋላዋን ስትጭኑት አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ያያል። መብራቷ መንገዱን ትቶ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያበራል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሾፌር ዓይን ይወጋል። የፊት ጎማዎቹ ሲቀልላቸው መሪው በደንብ አይታዘዝም። በዚህ ጉም፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ!”

“በቃኝ!” አለች ዓለሚቱ ጆሮዋን ይዛ።

“የእኔስ ሊፍት?” አለ ሆሴዕ።

“ያንተማ ይብሳል። ቁመቷ በጨመረ ቁጥር ክብደቷ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ሰው ካሶኒው ላይ ቆሞልህ ጠመዝማዛው ላይ ስትታጠፍ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መኪናዋም አብራቸው።”

ጋሽ ታዴዎስ በትራቸውን መሬት ላይ ወጋ አደረጉ። “ቃል ሁሉም ሰው ጋ አለ። ጭነት አንገቷን የሚያቀናላት ከሆነ እዚሁ አሳዪኝ። በዓይኔ ካየሁ አምናለሁ።”

ግቢው ውስጥ የሚጫን እህል አልነበረም። ሮዳስ ወደ ሴቶቹ አየች። እነሱም እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ ሶስና ቀድማ፣ ሌሎቹም ተከትለው ካሶኒው ላይ ወጡ። ማንም እንዲህ ቁሙ አላላቸውም። ግን ሁልጊዜ በለቅሶ ጊዜ እንደሚያደርጉት ነጠላቸውን አጣፍተው በዙሪያው ተደረደሩ፣ መሃሉንም ሣጥን እንደሚቀመጥበት አድርገው ባዶ ተዉት። ምን እንዳደረጉ ሲገባቸው ሳቁ ጠፋ። ጉሙ በካሶኒው ጠርዝ ላይ አልፎ ገባና በመሃላቸው፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ተኛ።

የኋላው ብረት ሲጥ አለ። የመኪናዋ ኋላ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አፍንጫዋም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

“ይመልከቱ ጋሼ” አለች ሮዳስ።

ጋሽ ታዴዎስ ግን አንድ እርምጃ ተጠጉ። የሚያዩት አፍንጫዋን አልነበረም። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አፍጥጠዋል። ፒክአፗ በቀኝ በኩል ቀና ስትል በግራ በኩል እንደደፋች ቀርታለች። ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከጎኑ የተቀመጠውን እንደሚያዳምጥ፣ እሷም ወደ ሾፌሩ ወንበር ዘንበል ብላለች። ሆሴዕ ደግሞ ያን ጊዜ በሩን ደገፍ ብሎ እዚያው ጋ ቆሟል።

 ሶስና ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች፤ ሌሎቹም እንደ እሷ አንገታቸውን ሰበሩ። ዓለሚቱ በአንድ አፍታ ሁሉንም ነገር አየችው፤ ነገን፣ ጠመዝማዛውን መንገድ፣ ገደሉን፣ ካሶኒው መሃል ያለውን ባዶ ቦታና ቦታውን የሚሞላውን ሣጥን። ከዚያ ስትፈራው የኖረችው ነገር ከአፏ አመለጠ።

“ወደ ልጄ ነው የምታዘነብለው! ስንት ጊዜ አየሁት! ወደ ሆሴዕ ነው!”

“ኧረ አታሟርቺ!” አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። “ኧረ በጌታ! ነገ መንገደኛ ነው!”

“ተዉአት” አሉ ጋሽ ታዴዎስ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። “እኔም አይቻለሁ። ካየሁት ቆይቷል። የሆሴዕ እናት፣ አንቺን ላለማስደንገጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ስፔሰር ስፔሰር የምለውም ለዚህ ነበር፤ ቀና ካደረግናት ልጁን ትተወዋለች ብዬ።”

ሆሴዕ በተራው አቀርቅሮ፣ “እኔም…” አለ። “መሪው ወደ ግራ ይስበኛል። የካንጫጫን መንደር ሲያልፉ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከሥሬ የሆነ ነገር ይፍቃል። ለእማ ብነግራት እንቅልፍ አትተኛም ብዬ ነው።”

ሮዳስ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ከዚያም፣ “ሁላችሁም ታውቁ ነበር!” አለች። “ሁላችሁም አይታችሁ፣ ሁላችሁም አንዱ ለሌላው ብላችሁ ደበቃችሁት? ውረዱ እስቲ። ሆሴዕ፣ ክሪኩን አምጣ።”

የግራውን የፊት ጎማ ፈትተው ሲያወጡት ጋሽ ታዴዎስ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ጥምዝምዙ የብረት ሞላ ከታች በኩል ተሰብሯል። ስብራቱ የዛሬ አልነበረም፤ ውስጡ ዝጎ ቀልቷል። የተሰበረው ጫፍ ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎማው ዞሯል። ጎማውን ገልብጠው ሲያዩት በውስጥ በኩል በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር የሚያበራ መስመር ዙሪያውን ከቦታል። የሚፍቀው እሱ ነበር።

“አንድ ጥሩ ጉድጓድ ብትገባ ኖሮ” አለች ሮዳስ፣ ግን የዓለሚቱን ፊት አይታ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

“ጨርሺው” አለች ዓለሚቱ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። “ዛሬ ይነገር። ጨርሺው።”

“ጎማውን ይቀድደው ነበር። እየሮጠ ከሆነ መኪናዋ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች። መንገዱ ላይ በግራ ያለው ደግሞ አንዳንዱ ቦታ ላይ ገደል ነው።”

ጋሽ ታዴዎስ ለረጅም ጊዜ የተሰበረውን ብረት ሲያዩ ቆዩ። በሃዲይኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙና፣ “ስፔሰሩን አስገብተን ቢሆን ኖሮስ?” ብለው ጠየቁ።

“ስፔሰሩ ከላይ ነው የሚገባው ጋሼ፤ የታችኛውን ስብራት አይጠግነውም። መኪናዋ ቀና ትላለች፣ ማዘንበሏም ከዓይን ይጠፋል። እናንተም ደስ ብሏችሁ፣ ሰው ጭናችሁ ትሄዱ ነበር። ስብራቱ ግን እዚያው።”

“ስለዚህ የምታሳየን ምልክት እውነት ነበር።”

“እውነት ነበር። እኔ ሐሰት ነው ብዬ ስከራከርዎት ቆየሁ እንጂ እርስዎ ያዩት ትክክል ነው። ስሕተቱ ምልክት ሲያዩ ዝም ማለቱ ላይ፣ መድኃኒቱንም ምልክቱን በሚደብቅ ነገር መፈለጉ ላይ ነው።”

“እኔን ሽማግሌውን ልጅ ገሠጸኝ” አሉ ጋሽ ታዴዎስ፣ ግን አልተቆጡም። “እሺ፣ አሁን ምን ይሁን?”

“የፊት ሞላዎቹ ሁለቱም ይለወጡ፤ አንዱ ከደከመ ሌላውም አይታመንም። ንዝረት ከሚውጡት አሞርዛተሮችና ከኋላ ጭነት ከሚሸከመው ድርብ ብረት፣ ከባሌስትራው፣ ጋር አብሮ የተሠራ ዝቅ ያለ ሊፍት አለ። አራቱንም ጎን እኩል፣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ያነሳታል። ለሆሴዕ ጭቃ ይበቃዋል። ኋላዋ ትንሽ ከፍ እንዳለ ይቆይ፤ ያ ጤናዋ ነው። ካሶኒው ላይ ግን ከሣጥኑ ጋር ሰው አይቆምም፤ ለቀስተኛው በሚኒባስ ይሂድ።”

“ሰውማ ከሬሳው ተለይቶ አይሄድም!” አሉ ጋሽ ታዴዎስ። “በእኛ አገር ሬሳ ብቻውን አይሄድም። ነውር ነው።”

ሮዳስ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዓለሚቱ ቀደመቻት። በእድሩ ዳኛ ፊት ተከራክራ የማታውቅ ሴት ነበረች።

“ጋሼ፣ ሚኒባሱ ከኋላ ከኋላ ይከተለዋል፤ ብቻውን አይሆንም። ሟቹን በክብር እንሸኘው፣ እሺ። ግን አንዱን ለመሸኘት ብለን ሌላ ሣጥን አናሠራ። እኔ ልጄ ካሶኒው ላይ ተከብቦ ሲመጣ ስንት ሌሊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሟርቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።”

ጋሽ ታዴዎስ በዝናቡ የራሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ፍርሃትሽ ከእኔ ዝምታ ተሻለ፣ የሆሴዕ እናት” አሉ። “ነገ ሌላ መኪና እንከራያለን። ሰዉም በሚኒባስ ይከተላል። ነውሩን እኔ በእድሩ ፊት እወስደዋለሁ።”

እንደተባለውም ሆነ። ሟቹ ቅዳሜ በሰላም ሺንሺቾ ደረሰ። ፒክአፗም በሳምንቱ እንደ ሮዳስ ምክር ተሠራች። ሆሴዕ መጀመሪያ “ይህቺ ደግሞ ሊፍት ትባላለች?” ብሎ አኩርፎ ነበር፤ የቦኖሻን ጭቃ ሳይቆፍር ካለፈ በኋላ ግን ራሱ ያደንቃት ጀመር። መሪው መሳቡን ተወ፣ ጎማ ቶሎ ቶሎ መብላቷ ቀረ፣ መብራቷም በጭነት ጊዜ እንኳ መንገዱን ማየት ጀመረ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋትም ከዚያ ወዲህ የለም። ከእድሩ ሰው ካሶኒ ላይ ቆሞ ሲሄድ በብርድ የሚታመምም፣ ወድቆ የሚሰበርም ጠፋ፤ ለሟቹ የሚሰጠው ክብር ሲቀንስ ግን ያየ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ሌላ ነው። ጋሽ ታዴዎስ በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ከእንግዲህ መኪና ለመንገድ ከመነሳቷ በፊት ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ሁሉም እንዲናገር፣ ለተናገረም ሰው “አታሟርት” የሚል እንዳይኖር አስወሰኑ። የታየ ጉድለት ሲነገር ይጠገናል፤ ሲደበቅ ግን ሥር ሥሩን ይሠራል። ብዙ ቤት የፈረሰው ክፉ ስለተወራ ሳይሆን ሁሉም እያወቀ ዝም ስላለ ነው።

ፒክአፗ ከተሠራች በኋላ ሣጥን ጭና ልትነሳ በነበረበት የመጀመሪያ ጠዋት ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። የተሰበሰበው ሰው አቀርቅሮ ቆሟል። ጋሽ ታዴዎስ ሰዉን ሁሉ አልፈው ወደ ዓለሚቱ መጡ።

“በይ የሆሴዕ እናት” አሉ። “የምትፈሪውን ሁሉ ንገሪን።”

ዓለሚቱ ወደ መኪናዋ ቀረብ አለች። ከዚያ ጀመረች። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጎማው ብሎን፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ትናንት ስለ ዘነበው ዝናብ፣ ልጇ ሌሊት ተኝቶ ይሁን አይሁን፣ ሣጥኑ የታሰረበት ገመድ አርጅቶ ይሁን። ማንም አላቋረጣትም። ሆሴዕ አንድ በአንድ እየዞረ እያየ፣ “ደህና ነው እማ”፣ “ይሄም ደህና ነው” ይላታል። ገመዱ ግን በእውነት አርጅቶ ተገኘና ለወጡት።

መጨረሻ ላይ ዝም አለች።

“ጨረስሽ?” አሉ ጋሽ ታዴዎስ።

ዓለሚቱ ውስጧን ፈተሸች። ዕድሜዋን ሙሉ ከስጋት ባዶ ሆኖ የማያውቀውን ቦታ ጸጥ ብሎ አገኘችው፤ ጸጥታው ራሱ ትንሽ አስፈራት።

“ጨርሻለሁ” አለች።

ሆሴዕ ሞተሩን አስነሳ፣ መብራቱን አበራ፣ ሚኒባሱም ከኋላው ተነሳ። ጉሙ ተራ በተራ ዋጣቸው። እሷ ግን በዚያ ቀን ጆሮዋን ሳትይዝ ቆማ፣ ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ አዳመጠች።